ደብተሩ አትራፊ፣ ኪሱ ባዶ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ገንዘብ ነው። ስለማግኘት ግን አይደለም፤ እያገኙ ስለማጣት። "ይሄ ደግሞ እንዴት ይሆናል?" የምትሉ ካላችሁ እኛም እንደ እናንተው እንል ነበር... ሱቅ ከመክፈታችን በፊት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ከተመረቀ በኋላ ወደ ተራራው የሚወጣው ሰው በዛ። ቅዳሜና እሁድ ማለዳ ሯጩ፣ ጥንዱ፣ ፎቶ አንሺው፣ ሁሉም ወደ ላይ! እኛ ሦስት ጓደኛሞች ታዲያ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየንና በመስከረም 2014 ዓ.ም. ሻይ ቡና ጀመርን። ማኪያቶ፣ ሻይ፣ ቦምቦሊኖ፣ እርጥብ። ጥቅምትና ኅዳር እንደ ጉድ ሸጥን። ገቢና ወጪ የምንጽፍበት ደብተር ነበረን፤ በየሳምንቱ እሁድ ማታ እየደመርን "ተመስገን!" እንላለን።

ጥር ላይ ወሬ መጣ። "ስኳር ሊጠፋ ነው፣ ቡናም ሊወደድ ነው" ተባለ። እኛ ደግሞ ነቄ ነን ባዮች ነንና ከእህት ወንድሞቻችን ተበድረን ስኳሩን በኩንታል፣ ቡናውን በጆንያ ገዝተን ጓዳውን ሞላነው። ለስላሳ የሚያወርድልን ልጅ "ሳጥን ጨምሩ" ሲለን ጨመርን። ለሳጥኑና ለባዶ ጠርሙሱ ማስያዣ ይከፈላል፤ ከፈልን። በዚያ ላይ አንድ ትልቅ ድርጅት ለስብሰባዎቹ ሻይና ቦምቦሊኖ እንድናቀርብለት አዘዘን። በዱቤ ነው፤ "ወር ሲያልቅ ይከፈላችኋል" አሉን። እኛማ ትልቅ ደንበኛ አገኘን ብለን እልል አልን።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ።

ማኪያቶ ቆመ። ከወተት አቅራቢያችን ጋር የተዋዋልነው በቀን 15 ሊትር ነበር። የሰፈራችን እናት ናቸው፤ ሁለት ላሞች አሏቸው። "እትዬ፣ ጾም እስኪፈታ ብናቆምስ?" ስንላቸው የመለሱልን እስከ ዛሬ አይረሳንም፦ "ልጆቼ፣ ላሟ እኮ ጾም አታውቅም!"

መጋቢት መጨረሻ ላይ የቤት ኪራይ ደረሰ። የሦስት ወር፣ በቅድሚያ፣ 18,000 ብር። ደብተሩን አወጣን። ደብተራችን ከመስከረም ጀምሮ 34,000 ብር አትርፋችኋል ይላል። መሳቢያውን ከፈትን። መሳቢያው ውስጥ 1,000 ብር አለ። መጀመሪያ እርስ በርስ ተያየን። ቀጥሎ (ምን ይደበቃል?) እርስ በርስ ተጠራጠርን። ከመካከላችን አንዱ ይሆን? ለሁለት ቀን ያህል ሳንነጋገር ዋልን።

ማንም አልወሰደም። ቁጭ ብለን ቆጠርነው። ጓዳ ውስጥ ያለው ስኳርና ቡና 28,000 ብር። ሳጥንና ጠርሙስ 9,000 ብር። ትልቁ ድርጅት ያልከፈለን 21,000 ብር። ድምር 58,000። መሳቢያው ውስጥ ያለችውን አንድ ሺህ ጨምሩበት፤ 59,000። ይህም ያተረፍነው 34,000 ብርና የተበደርነው 25,000 ብር ነው። ልክ! አንዲት ሳንቲም አልጠፋችም። ገንዘባችን ስኳር ሆኗል፣ ጠርሙስ ሆኗል፣ የሰው ተስፋ ሆኗል። አከራያችን ደግሞ በስኳር ኪራይ አይቀበሉም።

ስኳሩን ለጎረቤት ሱቅ በገዛንበት ዋጋ ሸጥን። ወር ሳይሞላው የስኳር ዋጋ ተሰቀለ። ግምታችን ትክክል ነበር ማለት ነው! ትክክል ሆነን ከሰርን። ግንቦት ላይ የቡና ማሽኑን በርካሽ ሸጠን በሩን ዘጋን።

እንጦጦም ራሷ...

ከዘጋን በኋላ ነው እንጦጦን በሌላ ዓይን ማየት የጀመርነው። አስቡት እስቲ፣ ይህ ተራራ ራሱ በአቅርቦት ምክንያት ዋና ከተማነቱን ያጣ ቦታ ነው። ምኒልክ ከነሠራዊታቸው ከላይ ሰፍረው ነበር። ለጦርነት ጥሩ ነው፤ ጠላት ከሩቅ ይታያል። ለኑሮ ግን ብርዱ፣ ውኃው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የማገዶ እንጨቱ ችግር ሆነ። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውኃ ወርደው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። አዲሲቱ ከተማም ብትሆን ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንጨት አጥሯት መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ምንም አልቀረውም ነበር። ያተረፋት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ይበቅላል፣ ተቆርጦም ከጉቶው ያቆጠቁጣል።

ይህን ባሕር ዛፍ ለብዙ አሥርት ዓመታት በጀርባቸው ተሸክመው ከተማዋን ያበሰሉት ደግሞ የእንጦጦ ሴቶች ናቸው። ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን እንጨት አዝለው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለንም። ነገራቸውን በንግድ ዓይን ብታዩት፣ ክምችት የላቸውም፣ ዱቤም አይሰጡም። ጠዋት ይሰበስባሉ፣ ከሰዓት ይሸጣሉ፣ ማታ ዱቄት ገዝተው ይገባሉ። ገንዘባቸው አንድ ቀን እንኳን አልታሰረም። ግን ከማንም በላይ ደኸዩ። ስለዚህ "ዋናው ነገር ገንዘቡ ቶሎ መዞሩ ነው" ብለን ልንሰብካችሁ አልመጣንም። የሚዞረው ነገር ትርፍ ከሌለው መዞሩ ማድከም ብቻ ነው። ከእነዚህ ሴቶች መካከል የተወሰኑት በማኅበር ተደራጅተው ከእንጨት ሸክም ወደ ሽመና የተሸጋገሩት ለዚህ ነው፤ በላብ ላይ ጥበብ ሲጨመርበት ዋጋ ይወጣዋልና።

ሽመና ሲነሳ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። ጣጣውን ለማየት ወደ ሽሮ ሜዳ ወረድ እንበል።

ሸማኔው የማን ባንክ ነው?

ሽሮ ሜዳ የእንጦጦ እግር ስር ነው። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው የሚሠሩበት፣ ከተማው ሁሉ ለበዓል የሚለብስበት ገበያ። የምናውቃቸው አንድ ሸማኔ አሉ፤ ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። የእኛን የስኳር ታሪክ ስንነግራቸው ከት ብለው ሳቁና "እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ስኳር ሳከማች ኖሬያለሁ በሉኛ!" አሉን።

ነገሩን እንደነገሩን እናስላው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥነው እኛ ነን። ከጳጉሜን በቀር የኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ ደግሞ ሒሳቡ ቀላል ነው። ሸማኔው ኅዳር 1 ቀን ድርና ማጉን በ10,000 ብር ይገዛል። በእጅ በእጅ ነው፤ የክር ነጋዴ ለትንሽ ሰው ዱቤ አይሰጥም፣ ከሰጠም "የሠራኸውን ለእኔ፣ በእኔ ዋጋ" ብሎ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሸምናል፤ ጥለቱ፣ ነጠላው፣ ቀሚሱ ይወጣል። ታኅሣሥ ላይ ለባለ ሱቋ ያስረክባል። ባለ ሱቋ "ለጥምቀት ሲሸጥ እሰጥሃለሁ" ትለዋለች። ጥር 11 ጥምቀት ይሆናል፣ ልብሱ ይሸጣል። እሷ ደግሞ የራሷ ኪራይ፣ የራሷ ዕዳ አለባት፤ የእሱ ሒሳብ ጥር 30 ይደርሳል። ስንት ቀን ሆነ? ኅዳር 30፣ ታኅሣሥ 30፣ ጥር 30፤ ዘጠና ቀን።

በዘጠና ቀን አንዴ የሚዞር 10,000 ብር በዓመት አራት ጊዜ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር 1,500 ብር ቢያተርፍ 6,000 ብር ነው። ያው ገንዘብ፣ ያው ሰው፣ ያው እጅ በ30 ቀን አንዴ ቢዞር ኖሮ ግን 12 ጊዜ ይሆንና 18,000 ብር ይመጣል። በርግጥ ገበያው ዓመቱን ሙሉ ጥምቀት አይደለም፤ የሸማኔውም እጅ ከአቅሙ በላይ አይሠራም። ቢሆንም ልዩነቱን ልብ በሉት። የባንክ ብድር አልጨመርንም፣ ዋጋም አልጨመርንም። የቀነስነው ቀን ብቻ ነው።

እና ሸማኔው ማን ነው? የባለ ሱቋ ባንክ ነው። ያለ ወለድ፣ ያለ ዋስትና የሚያበድር ባንክ። እኛም የዚያ ትልቅ ድርጅት ባንክ ነበርን። ሰንሰለቱን ተከትላችሁ ብትሄዱ ሁሉም ሰው ጥበቃውን ወደ ታች ይገፋል። ትልቁ መካከለኛውን፣ መካከለኛው ትንሹን ያስጠብቃል። ትንሹ ደግሞ ማንን ያስጠብቅ? የልጁን ትምህርት ቤት ክፍያ? እራቱን? እንግዲህ "አነስተኛ ነጋዴው ካፒታል አጠረው" በተባለ ቁጥር "አጠረው ወይስ ሌላ ሰው ይዞበታል?" ብለን ብንጠይቅ ጥሩ ነው።

"ብር ከማቆይ ዕቃ ላቆይ"

ሌላው ወገን የሚለውንም እንስማ፤ የዋዛ አይደለምና። በ2014 ዓ.ም. የሀገራችን የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ ከርሟል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር ተሻገረ። ሾላ ገበያ ያለ ባለ ሱቅ በዚያን ሰሞን ዕቃውን ሸጦ ያገኘው ብር ያንኑ ዕቃ መልሶ አልገዛለትም። ታዲያ ይህ ሰው "ብር ከማቆይ ዕቃ ላቆይ" ቢል ሞኝ ነው? አይደለም። ብር በእጅ እያለ በሚሟሽሽበት ሀገር ጓዳ ሙሉ ዕቃ ቁጠባ ነው። ውጭ ሀገር በተጻፈ መጽሐፍ "ክምችት ክፉ ነው" እየተባለ የሚሰበከው እንዳለ ቢገለበጥ ለኛ አይሠራም። ቶዮታ ክፍሉን በሚፈልግበት ሰዓት ብቻ እያስመጣ መኪና ገጣጥሞ ዓለምን ያስደነቀው መንገዱም፣ መብራቱም፣ አቅራቢውም የሚታመን ስለሆነ ነው። በ2003 ዓ.ም. መጋቢት ጃፓን በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ እሱም ቢሆን ማምረቻዎቹን ለማቆም ተገድዶ ነበር።

እኛ ግን የተማርነው ይህን ነው፦ ለቁጠባ የተቀመጠ ዕቃና ለሥራ የሚፈለግ ገንዘብ አንድ ኪስ ውስጥ መግባት የለባቸውም። የእኛ ጥፋት ስኳር መግዛታችን አልነበረም። የኪራዩን ገንዘብ ስኳር ማድረጋችን ነው። ኪራይ፣ ደሞዝ፣ ዕዳ ቀናቸው ይታወቃል። የእነሱ ብር ተለይቶ ከተቀመጠ በኋላ የተረፈው ስኳር ይሁን፣ ክር ይሁን፣ ጤፍ ይሁን። በተበደሩት ገንዘብ ማከማቸት ግን ቁማር ነው፤ ያውም ትክክል ገምቶ የሚሸነፍበት ቁማር!

የወተቷን እናት አስታወሳችኋቸው? ጾም ሲገባ እኛ ስንንጫጫ እሳቸው ዝም ብለው ወተቱን ይንጡ ነበር። ቅቤውን አንጥረው ያስቀምጡታል። 55 ቀን አልፎ ፋሲካ ሲደርስ ቅቤ የማይፈልግ ቤት የለም፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ለላሞቹ መኖ የሚሆነውን ገንዘብ ደግሞ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከእቁብ አውጥተዋል። ዕጣቸው እስኪወጣ አልጠበቁም፤ ሌላ እቁብተኛ የወጣለትን ተነጋግረው ተለዋውጠው የካቲት ላይ ወሰዱ። እኛ ዩኒቨርሲቲ የተማርነውን እሳቸው በሁለት ላም ይሠሩታል። የማይቆየውን ወደሚቆይ መለወጥ፣ ዝቅ የሚልበትን ወቅት ቀድሞ ማወቅ፣ ገንዘቡን ከወቅቱ በፊት ማዘጋጀት። በቃ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሱቅ ያላችሁ ወይም ልትከፍቱ ያሰባችሁ ወጣቶች፣ ከትርፍ በፊት ቀን ቁጠሩ። ዕቃው ጓዳ የሚቆይበትን ቀንና ደንበኛ እስኪከፍል የምትጠብቁበትን ቀን ደምሩ። አቅራቢ የሚታገሳችሁን ቀን ቀንሱ። የቀረው ገንዘባችሁ የሚታሰርበት ጊዜ ነው። እሱ በረዘመ ቁጥር፣ ሽያጫችሁ ባደገ ቁጥር፣ ይበልጥ ገንዘብ ያጥራችኋል። አዎ፣ ባደገ ቁጥር! እኛን የገደለን ድክመት አልነበረም፤ ትልቅ ትእዛዝ ነው።

ቀብድ መጠየቅ አትፈሩ። ልብስ ሰፊውን እዩት። ጨርቁን ደንበኛው ይገዛል፣ ቀብዱን ቀድሞ ይቀበላል፣ ቀሪውን ልብሱ ሲወሰድ ይጨርሳል። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። ሙሽሮች ለሠርጋቸው የሚያዙትን ጥልፍ ቀሚስ ሸማኔው በገዛ ገንዘቡ ክር ገዝቶ ለምን ይጀምረዋል? ትልቅ ድርጅት ሲያዝዝስ? "ቀብድ ካልሆነ ይቅርብኝ" ማለት የሚያሳፍር ከመሰላችሁ የእኛን ስልክ ጥሪ ታሪክ ስሙ። ለአራት ወር ያህል "ቼኩ እየተፈረመ ነው"፣ "ሒሳብ ክፍል ያሉት ሰውዬ መስክ ወጥተዋል"፣ "ነገ ደውሉ" ስንባል ከረምን። ገንዘቡ የተከፈለን በሐምሌ ነው። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ።

አንድ ላይ መግዛትም አለ። አሥር ሸማኔ ለየብቻው ሲገዛ የክር ነጋዴው ዋጋ ይቆርጥለታል፤ አሥሩ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ዋጋም ቀንም መደራደር ይችላሉ። ማኅበር ለፎቶና ለስብሰባ ብቻ አይደለም።

ለሕግ አውጪዎቻችንም አንድ ነገር አለን። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመደበኛው በ30 ቀን፣ ድርጅት ለድርጅት ደግሞ በግልጽ ሌላ ካልተስማሙ በ60 ቀን ውስጥ እንዲከፍል፣ ካዘገየ ወለድ እንዲከተለው ደንግጓል። ህንድ በ2006 እ.ኤ.አ. ለጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ባወጣችው ሕግ ክፍያው ከ45 ቀን እንዳያልፍ አድርጋለች። እዚያም ቢሆን ሕጉ የሚጣስበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ግን ቢያንስ ትንሹ ሰው "ቀኑ አልፏል" የሚልበት ወረቀት አለው። የኛም ትንሽ ነጋዴ ይህን ያህል ይገባዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረትን፣ ክምችትንና ከሰው የሚሰበሰብ ሒሳብን ሳይቀር ለብድር መያዣ ማድረግን ፈቅዷል። ጥሩ ነው። ግን የሚሰበሰበው ሒሳብ መቼ እንደሚሰበሰብ ካልታወቀ የትኛው ባንክ ደፍሮ ይይዘዋል? የመክፈያ ቀን የሌለው ዱቤ መያዣ ሳይሆን ምኞት ነው።

በመጨረሻ ደግሞ ወደ ራሳችን፣ ወደ ደንበኞቹ። ሰፈር ካለው ሱቅ "ጻፍልኝ" ብለን ወር ሙሉ የምንጠፋ እኛው ነን። ለበዓል ቀሚስ አዘን "ነገ እወስደዋለሁ" እያልን ሁለት ሳምንት የምናስቀምጥ እኛው ነን። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ "ዝርዝር የለኝም" የሚለው ሰበብም አብቅቷል፤ ባለንበት ቆመን መክፈል እንችላለን። የምናዘገያት 500 ብር ለእኛ ምንም አይደለችም። ለሸማኔው ግን የሚቀጥለው ነጠላ ድር ናት።

ጋሼን ባለፈው ሰሞን ሄደን አየናቸው። አንዲት ልጅ ለሠርጓ ቀሚስ ልታዝ መጥታ ነበር። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ ወደ እኛ በዓይናቸው ጠቀስ አድርገው፣ "ልጄ፣ ክሩን የምገዛበት ቀብድ ትሰጪኛለሽ" አሏት። ልጅቷ ምንም ሳይመስላት ስልኳን አውጥታ ላከችላቸው። ጋሼ ስልካቸውን አየት አድርገው ዝም አሉ። ከዚያ "ይሄን ያህል ቀላል ነበር እንዴ?" አሉን፤ እየሳቁ፣ ግን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሳቅ ባልሆነ ፊት።

እናንተስ? ገንዘባችሁ አሁን የት ነው ያለው፤ ኪሳችሁ፣ ጓዳችሁ፣ ወይስ ሰው ጋ? ዛሬ ማታ ቁጠሩት።

ቸር እንሰንብት!